መሃል ሰፋሪ



በሲዳማ ወግ ሽማግሌዎች ለሶንጎ ሲቀመጡ ነገር የሚከፈተው በጥያቄ ነው። «አፊኒ?» ይባላል፤ «ሰምታችኋል ወይ?» ማለት ነው። ያልሰማ ካለ ነገሩ እንደገና ይነገረዋል። ሁሉም መስማቱ ሳይረጋገጥ አስተያየት አይሰጥም፣ ፍርድም አይነሳም። እኔ የሀዋሳ ነዋሪ እንጂ የሲዳማ ተወላጅ አይደለሁም፤ ወጉን ያወቅሁት ከጎረቤቶቼ ነው፤ ብሳሳት ታርሙኛላችሁ። ዛሬ ልናገር የመጣሁበት ጉዳይ ግን ሁለመናው በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ያለ ስለሚመስለኝ በእሷ መጀመር ፈለግሁ። መገናኛ ብዙኃኖቻችን አፊኒ ሳይሉ ይፈርዳሉ። እኛም አፊኒ ሳንባባል ተከትለናቸው እንነጉዳለን።

ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. የት እንደነበራችሁ የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። እኔ ቤቴ ነበርኩ። ኢንተርኔት ተቋርጧል፣ ሱቅ ተዘግቷል፣ ከዋናው መንገድ በኩል የጎማ ጭስ ይታያል፣ አልፎ አልፎም ተኩስ ይሰማል። ረፋዱ ላይ እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። እያለቀሰች ነው። «ሀዋሳ አመድ ሆነች አሉ፤ እናንተስ ተርፋችኋል ወይ?» አለችኝ። ከየት ሰማሽ ብላት ከአንድ የዩቲዩብ ቻናል ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ውጭ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ ደወለ። እሱ የሚከታተለው ሌላ ቻናል ነው። «አይዞህ፣ ምንም የተፈጠረ ነገር የለም፤ ጠላት የሚያናፍሰው በሬ ወለደ ነው» አለኝ።

ሁለቱም ወድደውኝ ነው የደወሉት። ሁለቱም የነገሩኝ ግን በመስኮቴ ከማየው ጋር አይገጥምም። ሀዋሳ አመድ አልሆነችም። ምንም አልተፈጠረም ማለት ደግሞ ትልቅ ግፍ ነበር፤ በዚያን ቀንና በተከታዮቹ ቀናት በከተማችንና በያኔው የሲዳማ ዞን ወረዳዎች ብዙ ሰዎች ሞተዋል። በጸጥታ ኃይሎች ጥይት የወደቁ ወጣቶች አሉ። ለዘመናት አብረው ከኖሩ ጎረቤቶቻቸው መካከል በተነሱ ሰዎች ቤታቸውና ንብረታቸው የተቃጠለባቸውና የተገደሉም አሉ። የእህቴ ቻናል የቀደሙትን ሟቾች አላነሳም። የአክስቴ ልጅ ቻናል የኋለኞቹን አላነሳም። ያን ቀን የሁሉንም ሟች ስም አንድ ላይ የጠራ ቻናል አላገኘሁም።

እስቲ ያን ጉዳይ ረጋ ብለን እንየው፤ የእኛው ነውና።

የሲዳማ ሕዝብ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ጥያቄ ትናንት የተወለደ አይደለም። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በሎቄ የሆነውን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለ ሰው መተረክ አያስፈልገኝም፤ በሀዋሳ አስተዳደር ጉዳይ ሰላማዊ ሰልፍ የወጡ ሰዎች ተገድለውበታል። የዞኑ ምክር ቤት ክልል የመሆን ጥያቄውን በይፋ ያቀረበው በሐምሌ 2010 ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 ጥያቄው በቀረበ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደራጃል ይላል። በሐምሌ 2011 ዓመቱ ሞላ፤ ሕዝበ ውሳኔው አልተደራጀም። እንግዲህ ጥያቄው ሕጋዊ ነበር፣ መዘግየቱም እውነት ነበር፣ ቁጣውም ምክንያት ነበረው። ይህን ያህሉን ሳይሸራርፉ መቀበል ያስፈልጋል።

በዚያው ልክ፣ በሰኔ 2010 የፍቼ ጫምባላላ በዓላችን ደም ሲፈስበት፣ ወላይታ በመሆናቸው ብቻ ከቤታቸው የተሳደዱ ጎረቤቶች ነበሩ። መዘዙ እስከ ወላይታ ሶዶ ደረሰ። ፍቼ ጫምባላላ ገና በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበ፣ ሰው ከተጣላው ጋር ታርቆ አዲስ ዓመት የሚቀበልበት በዓል ነው። በዓሉ የሚከበርበት የጉዱማሌ አደባባይ የሚታወቀው በዘፈንና በምርቃት ነበር። እዚያ የተፈጸመውን በምንም ዓይነት የፖለቲካ ምክንያት ማስተባበል አይቻልም።

ሁለቱን አንድ ላይ የሚናገር ጣቢያ ግን በዚያ ሰሞን ፈልጌ አጣሁ። የመጀመሪያውን የሚያወራ ሁለተኛውን ይዘላል፤ ሁለተኛውን የሚያወራ የመጀመሪያውን ይክዳል። አድማጩም ይህን እየሰማ ግማሽ ሰው ይሆናል። የራሱ ቁስል ብቻ ያመዋል።

ይህ የሆነው ጋዜጠኞቻችን ከሌላው ሰው የከፉ ስለሆኑ ነው ብዬ አላምንም። ገበያው ነው የሚከፋው። በዩቲዩብ ገጽ ላይ የሚለጠፉትን ሥዕሎችና ርዕሶች ተመልከቱ። «ሰበር ዜና» በቀይ ቀለም፤ ሥሩ ላይ የአንድ ባለሥልጣን ወይም አክቲቪስት ፊት፣ አፉን ከፍቶ የተነሳው ፎቶ ተመርጦ፤ ቀጥሎ «ያልተጠበቀው…»፣ «ጉዱ ወጣ…»። ውስጡ ሲገባ ብዙ ጊዜ ትናንት የተነገረው ነው። ግን ሰው ከፍቶታል፣ አይቶታል፣ ማስታወቂያው ገብቶለታል። ባለቻናሉ የቤት ኪራይ አለበት። ረጋ ያለ፣ ሁለት ወገን ያነጋገረ ዝግጅት ሠርቶ የሚያየው ሲያጣ በሚቀጥለው ሳምንት ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በዚያው ቀረ። በውጭ አገር ተመልካች መዋጮ ለሚተዳደሩ ጣቢያዎችም ነገሩ ብዙም አይለይም፤ ተመልካች የሚያዋጣው ልቡ ሲነድ ነው። ልብ እንዲነድ ደግሞ በየቀኑ ማገዶ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ማሽኑ አለ። ከፌስቡክ ኩባንያ የወጡ የውስጥ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ ለተወሰነ ጊዜ አንድ «ላይክ» እንደ 1 ሲቆጠር፣ የቁጣዋ ቀይ ፊት ግን ከሌሎቹ የስሜት ምልክቶች ጋር እንደ 5 ትቆጠር ነበር። በቀላል አማርኛ፣ አንድ ጽሑፍ 1 ሺህ ሰው ካስቆጣ 5 ሺህ ሰው እንደወደደው ሆኖ ወደ ሌሎች ሰዎች ስልክ ይገፋ ነበር ማለት ነው። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በመስከረም 2014 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ስትመሰክር ይህ አሠራር የብሔር ግጭት እያባባሰ ነው ብላ በስም ከጠራቻቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

ከዚያ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ነው ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ የተገደሉት። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ፤ የትግራይ ተወላጅ። ፎቷቸውን፣ የሥራ ቦታቸውንና የሚኖሩበትን ሰፈር የያዙ፣ በሐሰት የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ወጡ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሱ ደጋግሞ ማመልከቱን ገልጾ ኩባንያውን ኬንያ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2017 ዓ.ም. ክሱን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ይህን ታሪክ የማነሳው ስለ ኩባንያው ለማውራት ብቻ አይደለም። ያን ጽሑፍ አይተው «ሼር» ያደረጉትን ሰዎች አስባለሁ። ብዙዎቹ ፕሮፌሰሩን አያውቋቸውም። እጃቸው ላይ ደም የለም። አውራ ጣታቸውን ነው ያንቀሳቀሱት።

እዚህ ላይ የራሴንም ልናገር። በሰኔ 2010 በአንድ የቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ የመጣልኝን የቆሰለ ሰው ፎቶ ወደ ሌላ ግሩፕ አስተላልፌአለሁ። ፎቶው የሀዋሳ ነው ተብሎ ነው የመጣው። የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተነሳ አልጠየቅሁም። ተቆጥቼ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ የሌላ አገር ፎቶ መሆኑን ሰማሁ። ማስተባበያ ብጽፍም ከመጀመሪያው አንጻር ያነበበው ሰው በጣም ጥቂት ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔው ግን ሌላው ሰው ታጥቆት ሄዷልና አልተፈታም።

ወጣቶች ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ የስልክ ጣጣ ነው ይሉኛል። ስልኩ ያፈጥነዋል፤ ነገሩ ግን ከስልኩ ይቀድማል። አባቶቻችሁን ጠይቁ።

በ1960ዎቹ መጨረሻ የነበሩትን ሁለት ድርጅቶች፣ ኢሕአፓንና መኢሶንን አስቡ። ሁለቱም የተወለዱት ከአንድ ማኅፀን፣ ከተማሪው እንቅስቃሴ ነው። አባሎቻቸው በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ አንድ መጽሐፍ የተዋዋሱ፣ አንዳንዶቹም በአንድ ቤት ያደሩ ነበሩ። መሬት ላራሹ ሲባል ሁለቱም ይጮሃሉ። የብሔረሰቦች እኩልነት ሲባል ሁለቱም ይስማማሉ። ማርክሲዝም ሌኒኒዝምን ሁለቱም ይምሉበታል። የተለያዩት በዋናነት አንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ወታደሩ አሁኑኑ ሥልጣኑን ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ያስረክብ ወይስ ሂሳዊ ድጋፍ እየተሰጠው አብዮቱ ይቀጥል? ከባድ ጥያቄ ነው፤ ግን ቁጭ ብለው የሚከራከሩበት ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ላይም ተከራክረውበታል። በ1968 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ አብዮታዊ መድረክ በሚል ዓምድ የሁለቱ ወገን ጸሐፊዎች ይመላለሱ ነበር። ዛሬ ሲነበብ አንዳንዱ ጽሑፍ ከባድና አድካሚ ነው፤ ሆኖም የሌላውን ሐሳብ ጠቅሶ ነው የሚመልሰው።

ከዚያ መድረኩ ተዘጋና እያንዳንዱ ለየራሱ ሰው ብቻ መጻፍ ቀጠለ። የኢሕአፓ ልሳን «ዴሞክራሲያ» በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ መኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» አለው። አንባቢው ተለየ። አንባቢው ሲለይ ቃሉም ተለወጠ። ባላጋራው ሐሳቡ የተሳሳተ ጓድ መሆኑ ቀርቶ «ባንዳ» ሆነ፣ «አናርኪስት» ሆነ። በጣሊያን ጊዜ ባንዳ የተባለ ሰው ምን ይደረግ እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ቃሉ ፍርዱን ይዞ ነው የሚመጣው። ከቃሉ በኋላ ጥይቱ ብዙ አልቆየም። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሲከሰክሱ፣ ቃሉን ሁለቱም ወገኖች ቀድመው አዘጋጅተውት ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ መኢሶን ራሱ ከደርግ ተጣልቶ ኅቡዕ ገባ፤ መሪው ኃይሌ ፊዳም ተይዞ በኋላ ተገደለ። የዚያ ትውልድ ልጆች በየከተማው መንገድ ላይ ተጣሉ። አንድ ቤት ውስጥ አንዱ ወንድም ከኢሕአፓ ሌላው ከመኢሶን ሆኖ ሁለቱም የሞቱባት እናት ማንን ትክሰስ?

እኔን ዘወትር የሚያስጨንቀኝ በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት ማነሱ ነው። ሰው በመጠፋፋት ደረጃ ለመለያየት የግድ በብዙ መለያየት አያስፈልገውም። አለመሰማማት ይበቃዋል።

የሩዋንዳን ነገር ብዙ ሰው ስለሚያውቀው በአጭሩ ልለፈው። ሚል ኮሊን የተባለው ሬዲዮ ሲጀምር በጥላቻ አልነበረም የተወደደው። ጥሩ ሙዚቃ ያሰማል፣ አቅራቢዎቹ እንደ ጓደኛ ያወራሉ፣ አድማጭ ይደውላል። ወጣቱ ከለመደው በኋላ ነው ቱትሲዎችን «በረሮ» የሚለው ቃል በየመሃሉ መግባት የጀመረው። በእኛ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. እልቂቱ ሲጀመር ሬዲዮው የሚታደኑትን ሰዎች ስምና አድራሻ ይናገር ነበር። አሩሻ ላይ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በኋላ የመገናኛ ብዙኃን ሰዎችን በዘር ማጥፋት ወንጀል ፈርዶባቸዋል። ትንሿን ቃል መጀመሪያ ላይ ማን አስተዋላት የሚለውን ነው ከዚያ ታሪክ ይዤ የቀረሁት። እኛም ቤት «ወራሪ»፣ «መጤ»፣ «ነቀርሳ»፣ «ተላላኪ» የሚሉ ቃላት በዜና መሃል ሲገቡ ጆሯችን ለምዶ ማለፍ ጀምሯል።

እንግዲህ ለዘብተኛ ሁኑ ብዬ ልመክራችሁ ነው የቆምኩት። ቃሉ ግን ራሱ ችግር አለበት። በአማርኛ መሃል ላይ ለሚቆም ሰው ያለን ስም ሁሉ ስድብ ሆኗል፤ ወላዋይ፣ አድርባይ፣ መሃል ሰፋሪ። በተለይ የመጨረሻው ይቆጨኛል፤ ታሪኩ ሌላ ነውና። በቀድሞው የጦር አሰላለፍ ቀኙን ቀኝአዝማች፣ ግራውን ግራአዝማች፣ ፊቱን ፊታውራሪ ይይዛል። የንጉሡ ድንኳን ያለው መሃል ላይ ነው፤ በዚያ ዙሪያ የሚሰፍረው ጦር መሃል ሰፋሪ ይባላል። ቀኙም ግራውም ሲፈርስ ሁሉም ነገር የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። ፈሪ ተመርጦ የሚመደብበት ቦታ አልነበረም። እንዲያውም በ1910 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መሃል ሰፋሪው ተሰብስቦ ሚኒስትሮች ይነሱልን ብሎ፣ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በስተቀር ሁሉንም አስነስቷል። ስሙ ተገልብጦ የወላዋይ መጠሪያ መሆኑ ስለ ራሳችን የሚነግረን ነገር አለ፤ መሃል የሚባል ቦታ መኖሩን ራሱ ረስተናል።

የሚቀርብብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ቀላል ስላልሆነም በደንብ ልመልሰው። «በበዳይና በተበዳይ መሃል መቆም ከበዳይ ጋር መወገን ነው» ይባላል። ልክ ነው። የተገደለና የገደለ ፊት ቆሞ «ሁለታችሁም ጥፋት አለባችሁ» ማለት ሽምግልና አይባልም፤ ነውር ነው። በእውነትና በሐሰት መካከልም መሃል ቦታ የለም። አንዱ 100 ሰው ሞተ ቢል፣ ሌላው ማንም አልሞተም ቢል፣ እውነቱ 50 ነው ማለት አይደለም፤ ሄዶ መቁጠር ነው የሚያስፈልገው።

እኔ የምለው ለዘብተኝነት ከዚህ ይለያል። ለዘብተኛ ሰው አቋም አለው፤ አንዳንዴም በጣም የጠነከረ አቋም። የሲዳማ የክልልነት ጥያቄ ሕጋዊ ነው ብሎ አደባባይ ይወጣል። በዚያው አደባባይ የወላይታ ጎረቤቱ ቤት ሊቃጠል ሲል በር ላይ ይቆማል። ሁለቱን ለማድረግ ልቡ አይከፈልበትም። ጽንፈኛው ግን አንዱን ለማድረግ ሌላውን መካድ አለበት፤ የራሱን ወገን ጥፋት ያመነ እንደሆነ ዓላማው የሚፈርስ ይመስለዋል። ይህ ድካም ነው። ሲዳማ «ሃላሌ» የሚለው እውነት በወገን የሚከፈል አይደለም፤ ሽማግሌው የገዛ ልጁን ጥፋት በሶንጎ ፊት ካልተናገረ ሽማግሌ አይባልም።

ደግሞስ፣ ማን በር ላይ ቆመ? በሰኔ 2010ም በሐምሌ 2011ም በዚህ ከተማና በወረዳዎቹ ጎረቤቶቻቸውን ቤታቸው የደበቁ፣ በሌሊት አሻግረው ያደረሱ የሲዳማ ቤተሰቦች ነበሩ። አዳራሹ ውስጥም እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስማችሁን አልጠራም። የእናንተ ታሪክ «ሰበር ዜና» ሆኖ አያውቅም። የተቃጠለ ቤት ፎቶ አለው፤ ያልተቃጠለ ቤት ፎቶ የለውም።

መንግሥት ለዚህ ሁሉ ያገኘው መልስ በአብዛኛው መዝጋት ነው። በዚያ ሐምሌ የሲዳማ ሚዲያ ኔትወርክ ሥርጭቱ ተቋረጠ፣ ኃላፊዎቹም ታሰሩ። በሰኔ 2012 አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። በእነዚያ ቀናት ከእኛ ግማሽ ሰዓት የምትርቀው ሻሸመኔ ነደደች። መዝጋቱ እሳቱን አላጠፋውም። እህቴም የአክስቴ ልጅም እየደወሉ ያስጨነቁኝ ኢንተርኔት በተዘጋበት ቀን ነው፤ እኔ ያለሁበትን በዓይኔ አይቼ እንዳልጽፍ ስለተዘጋብኝ፣ የከተማዬን ወሬ የያዙት ከከተማዬ ውጭ ያሉ ሰዎች ሆኑ።

በየካቲት 2012 የጸደቀው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185 አለ። ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ 3 ዓመት ሊታሰር ይችላል ይላል። አንዳንድ ነገር በሕግ መያዝ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ የሰውን አድራሻ ለጥፎ ግደሉት የሚል ሰው ሐሳቡን መግለጹ አይደለም። ሕጉን የሚያስፈጽመው አካል ራሱ የአንድ ወገን ሆኖ ሲታይ ግን፣ አዋጁ የተናጋሪውን አፍ እንጂ የተናዳጁን ልብ አይለውጥም። የታሰረ ጋዜጠኛ ደግሞ ምንም ይናገር ምን በወገኑ ዘንድ ሰማዕት ይሆናል፤ ያለው ነገር በሙሉ፣ ውሸቱም ጭምር፣ ከዚያ በኋላ አይጠየቅም።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔ ያለኝ ምክር ትልቅ አይደለም፤ ከዚህች ከተማ የተማርኩትን ነው የምናገረው።

ከኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የተማርኩትን። በሐምሌ ያን ያህል ደም ፈስሶ፣ ከአራት ወር በኋላ ብርቱካን ሚደቅሳ ትመራው የነበረው ምርጫ ቦርድ ሕዝበ ውሳኔውን ሲያዘጋጅ፣ ከውጭ ሆነው የሚያወሩ ቻናሎች ከሁለቱም በኩል ጥፋት ይተነብዩ ነበር። የድምፅ መስጫው ላይ ሁለት ምልክት ነበረ፤ ሻፌታና ጎጆ። ሻፌታ ሲዳማ ክልል ይሁን፣ ጎጆ ከደቡብ ክልል ጋር እንቀጥል። የመምረጥ መብቱ የሲዳማ ተወላጅ ብቻ አልነበረም፤ የነዋሪው ሁሉ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ሰልፉ ተጀመረ። እኔም ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ አንዲት እናት በሲዳምኛ፣ ከኋላዬ አንድ ሰውዬ በወላይትኛ ሲያወሩ እሰማ ነበር። ማን ምን እንደሚመርጥ ማንም አልጠየቀም። ሲቆጠር 98.51 ከመቶው ሻፌታን መርጧል። በሰኔ 2012 ሲዳማ የፌዴሬሽኑ 10ኛ ክልል ሆነ።

በሐምሌ ለጠፋው ሕይወት ተጠያቂነቱ ተሟልቷል አልልም፤ ክልል መሆን ሁሉን ጥያቄ እንዳልመለሰም ታውቁታላችሁ። ነገር ግን በጩኸት ያልተገኘው በሰልፍ ተገኘ። ሁሉም ተጠየቀ፤ ሁሉም መለሰ። አፊኒ የሚባለውን ወግ 2 ሚሊዮን ሰው በአንድ ቀን ሲፈጽመው ያየሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

ጋዜጠኛ የሆናችሁ ልጆች እዚህ ካላችሁ፣ ከዚህ ውስጥ ለሙያችሁ የሚሆን አንድ ነገር ልለምናችሁ። የምትከሱትን ሰው ከማስተላለፋችሁ በፊት ደውሉለት። ስልኩን ካላነሳ እንደገና ደውሉለት። ያለውን ከነክብሩ አቅርቡት፤ ቆርጣችሁ አታስቁበት። ተመልካች ይቀንስባችኋል፤ አውቃለሁ፣ ኪራዩም አይቀርም። ደቡብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከዚህችው ከተማ ሆኖ በበርካታ ቋንቋዎች ሲያሰራጭ የኖረ ድርጅት ነበር። የተለያየ ቋንቋ ተናጋሪ ጋዜጠኞች በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሆነው ዜና የሚሠሩባት ከተማ ብዙ የለችም። አንዱ ክፍል ስለ ሌላው ወገን የሠራውን ዜና ከመተላለፉ በፊት ኮሪደሩን ተሻግሮ ለሌላው ክፍል ጋዜጠኛ ቢያነብለት፣ ከስንቱ ነገር እንድን ነበር ብዬ አስባለሁ።

እኛ አድማጮች ደግሞ የምንችለው አለ። ከፎቶዬ ታሪክ ወዲህ አንድ ልማድ አውጥቻለሁ። ስለ አንድ ሕዝብ የሚያስቆጣ ነገር ስልኬ ላይ ሲመጣ፣ ከማስተላለፌ በፊት የዚያ ሕዝብ ተወላጅ ለሆነ አንድ የማውቀው ሰው እደውላለሁ። «እንዲህ ይባላል፤ አንተ ምን ሰማህ?» እለዋለሁ። አንዳንዴ እውነት ነው ይለኛል፤ አብረን እናዝናለን። አንዳንዴ ሌላውን ግማሽ ይነግረኛል። የሚደወልለት ሰው የሌለው ካለ፣ ሀዋሳ ላይ ሆኖ እንዲህ ያለ ሰው ማጣት አይቻልም። ማለዳ ተነሥቶ ወደ ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ይውረድ። ዓሣ የሚጎትተው፣ ዓሣ የሚበልተው፣ የሚገዛውና የሚያበስለው ስንት ቋንቋ እንደሚናገር ይቁጠር። ጀልባው ሲደርስ መረቡን አብረው ነው የሚጎትቱት፤ አባ ኮዳ ወፎቹም ከሁሉም እጅ ይለቅማሉ። ከእነዚያ ሰዎች አንዱን ወዳጅ ያድርግና ስልኩን ይቀበል።

በሐምሌ 2011 ለእህቴ ምን እንዳልኳት አልነገርኳችሁም። «ያልሽው ሁሉ አልሆነም፤ የሆነው ግን ያስለቅሳል» አልኳት። ለአክስቴ ልጅም ያንኑ አልኩት። እህቴ አመነችኝ። የአክስቴ ልጅ ለአንድ ዓመት ያህል ስልኬን አላነሳም። ከዚያ ለፍቼ «አይዴ ጫምባላላ» ብሎ መልእክት ላከልኝ፤ ደወልኩለት፣ ረጅም ሰዓት አወራን። አሁንም በብዙ ነገር አንስማማም።

የእኔ ይህ ነው። መድረኩን ለጥያቄ እለቃለሁ። ከሰዓቱ አብዛኛውን አስቀርቼላችኋለሁ። እባካችሁ ማይክሮፎኑን መጀመሪያ ከተናገርኩት ጋር ለማይስማማ ሰው አቀብሉልኝ። ከበስተኋላ እጃቸውን ያነሱት አባት ይቅደሙ።